ከወሊድ በኋላ የሚደበቀው ሕመም

አንዲት እናት በደኅና ተገላግላ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብላ፣ ገንፎዋን በልታ ከአራስ ቤት ስትወጣ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ባስነጠሳት ወይም በሳቀች ቁጥር ሽንቷ ጠብ ሲል፣ ከታችም አንድ ነገር ከብዷት ሊወጣ የደረሰ ሲመስላት፣ ለማን ትናገር? ለእናቷ ብትነግር «የወለደች ሁሉ እንዲሁ ናት፣ ቻይው» ትባላለች። ለባሏ መንገሩ ደግሞ ያሳፍራታል። ስለዚህ ብዙዎች ለዓመታት ደብቀውት ይኖራሉ።

ከፊተኛው የዳሌ አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ድረስ የተዘረጉ ጡንቻዎች አሉ። እነርሱም ፊኛን፣ ማሕፀንንና የትልቁን አንጀት ጫፍ እንደ አልጋ ጠፍር ከታች ደግፈው የሚይዙ ናቸው። ምጥ ሲረዝም፣ ሕፃኑ ሲገዝፍ ወይም በመሣሪያ ሲሳብ፣ ወሊድም ሲደጋገም ጠፍሩ ይላላል፤ አንዳንድ ጊዜም ይቀደዳል። ጠፍሩ ከላላ በላዩ ያለው መውረዱ አይቀርም፤ ሕዝቡ «ማሕፀን ወጣ» የሚለው ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው መድኃኒት ገንዘብ አይጠይቅም። አርኖልድ ኬግል የተባለ አሜሪካዊ የማሕፀን ሐኪም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. የጻፈው ዘዴ ነው። ሴቲቱ ሽንትና አየር ለመያዝ እንደምትፈልግ ሁሉ ጡንቻዎቹን ወደ ላይ ስባ ትጨብጣለች፤ ጥቂት ሴኮንድ ቆይታ ፈጽማ ትለቃለች። ይህንም እየደጋገመች እስከ ስምንት ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር ትሠራዋለች። ትንፋሽን አፍኖ ሆድን ማማጥ ግን ነገሩን ያብሰዋል። ሽንት እየሸኑ በመሐል እያቋረጡ መልመድም ደግ አይደለም። ብዙዎች በሳምንት ውስጥ ለውጥ ባለማየታቸው ይተዉታል፤ ጡንቻ ግን በሳምንት አይጠነክርም።

ማሕፀኑ ወርዶ እንደ ሆነ ሐኪሙ በልኳ የተመረጠ የሲሊኮን ቀለበት ያገባላታል፤ ቀለበቱም ማሕፀኑን ደግፎ ይይዛል። ይህ ካልበቃ ኦፕራሲዮን አለ።

እዚህ ላይ ለባሎች አንድ ቃል ብንጨምር አይከፋም። አራሷ ገና ሳትጠነክር እንሥራ አዝላ ምንጭ ከወረደች፣ እንጨትም ከተሸከመች፣ የቀለበቱም የሐኪሙም ድካም ከንቱ ነው። ሥር የሰደደ ሳልና የሆድ ድርቀትም እንዲሁ ጠፍሩን ይጎትታሉ።

ሽንቱ በሳቅና በሳል ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሌሊትና ቀን ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ፊስቱላ ይባላል። ምጡ ለቀናት ሲቆይ የሕፃኑ ራስ ሥጋውን ተጭኖ ደም ይከለክለዋል፤ የሞተው ሥጋ ሲወድቅ ቀዳዳ ይቀራል። በዚህ ጊዜ እንቅስቃሴ አይረዳም፤ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ፤ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ የፊስቱላን ሆስፒታል መሠረቱ። ዛሬ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች አሉት፤ የማሕፀን መውጣትንም ያክማል።

ከቀደሙት በሽተኞቻቸው አንዷ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ታክመው እዚያው ቀሩ፤ አልጋ ከማንጠፍ ጀምረው፣ ከሐኪሞቹ ጎን ቆመው እያዩ፣ በመጨረሻ በራሳቸው እጅ ሌሎችን ሴቶች ኦፕራሲዮን ለማድረግ በቁ።