የሲያትል ሰኔና ባለቱቦው ኤሲ

አዲስ አበባ ላይ ክረምት ሲባል ዝናብ ነው፤ ጭቃ፣ ጋቢ፣ ከከሰል ላይ የወረደ የበቆሎ እሸት። ሰኔ ግም ካለበት ዕለት አንስቶ መስከረም እስኪጠባ ፀሐይ ትናፈቃለች። አሜሪካ የገባውን ሰው ግን ያው ሰኔ፣ ያው ሐምሌ ሌላ ሆኖ ይጠብቀዋል። የልጆች ትምህርት ቤት በዚያው ወቅት ስለሚዘጋ ብዙዎች በአፍ ልማድ «ክረምት» ማለታቸውን አይተዉም፤ ላባቸው ግን በጋ መሆኑን ይነግራቸዋል።

ሲያትል በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ ከተሞች አንዷ ናት። ዝናብ የማያጣው ለዘብተኛ አየሯ ከደጋ ለመጣ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ቤቶቿም ለዚያ አየር የተሠሩ ናቸው። የአሜሪካ መንግሥት በ2019 ባካሄደው የቤቶች ጥናት በሲያትልና በአካባቢዋ ኤሲ ያላቸው ቤቶች ከግማሽ በታች ነበሩ። ከዚያ ቅዳሜ ሰኔ 19 ቀን 2013 ዓ.ም. መጣ፤ በፈረንጆቹ ጁን 26 ቀን 2021። የከተማዋ ሙቀት በዚያን ቀን 102 ፋራናይት ደረሰ፤ እሑድ 104፣ ሰኞ 108፤ በሴልሺየስ 42 ዲግሪ ማለት ነው። በስተደቡብ ያለችው ፖርትላንድ ሰኞ ዕለት 116 ፋራናይት ወይም 46.7 ሴልሺየስ አስመዘገበች። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ክስተቱን የሙቀት ጉልላት ይሉታል። ከፍተኛ ግፊት ያለው አየር እንደ አክንባሎ አካባቢውን ይደፍነዋል፤ ከሥሩ ያለው ሙቀት መውጫ ያጣል፣ ሌሊቱም አይቀዘቅዝም።

አጎራባች በሆነችው የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር ብቻ በሙቀቱ ምክንያት 619 ሰዎች ሞቱ። የክፍለ ሀገሩ የሟቾች መርማሪ መሥሪያ ቤት በኋላ ባወጣው ዘገባ ከሟቾቹ 98 ከመቶ የሚሆኑት ጉዳቱ የደረሰባቸው ቤት ውስጥ ነበር። ሜዳ ላይ ፀሐይ የመታቸው አልነበሩም። ሁለት ሦስተኛዎቹ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ብቻቸውን የሚኖሩ ነበሩ። ስለ ኤሲ ማውራት የቅንጦት ወሬ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ቁጥር ደግሞ ቢያነበው ጥሩ ነው።

ከዚያ በጋ ወዲህ በአካባቢው ባለጎማው ተንቀሳቃሽ ኤሲ ትልቅ ቦታ አግኝቷል። የፖርትላንድ ከተማ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ነዋሪዎች በአምስት ዓመት 15,000 ማቀዝቀዣዎችን የማደል ዕቅድ አወጣች። ፖርትላንድ የምትገኝበት የኦሪጎን ክፍለ ሀገር ደግሞ በ2022 ባወጣው ሕግ፣ ከደኅንነትና ከመብራት አቅም ጋር ከተያያዙ ምክንያቶች በቀር አከራይ ተከራዩን ተንቀሳቃሽ ኤሲ እንዳያስገባ መከልከል እንዳይችል አደረገ። ይህ ማሽን የተከራይ መፍትሔ የሆነው በቀላል ምክንያት ነው፤ ግድግዳ አይበሳም፣ ባለሙያ አይጠራም፣ ኪራይ ሲለቀቅ አብሮ ይጫናል።

ነገር ግን ገዝተው የሚያማርሩ ብዙ ናቸው። «ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድራል፣ ቤቱ ግን ያው ነው» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማሽኑ ሥራ በደንብ አለመታወቁ ነው።

ኤሲ ቅዝቃዜ አይፈጥርም። የቤቱን ሙቀት ለቅሞ ሌላ ቦታ ይጥላል፤ ሥራው ይኸው ነው። ጓዳ ያለውን ፍሪጅ ማየት ይበቃል፤ ውስጡ ሲቀዘቅዝ ጀርባው ይሞቃል። በተንቀሳቃሹ ኤሲ ውስጥም ኮምፕረሰር አለ፤ በቀጫጭን ቱቦዎች የሚዘዋወር ጋዝም አለ። ጋዙ በአንድ በኩል የክፍሉን ሙቀት ይጠጣል፣ በሌላ በኩል ይተፋዋል። የተተፋው ሙቀት፣ የሞተሩ የራሱ ሙቀት ተጨምሮበት፣ በወፍራሙ ቱቦ በመስኮት ይወጣል። ስለዚህ ቱቦው መስኮት ላይ ካልተገጠመ ማሽኑ ከአንድ በኩል የወሰደውን በሌላ በኩል ይመልሳል፤ እንዲያውም ክፍሉ ከበፊቱ ይብሳል።

ገበያ ላይ ቱቦ የሌላቸው፣ ውኃ የሚሞላባቸው ዕቃዎችም «ተንቀሳቃሽ ማቀዝቀዣ» እየተባሉ ይሸጣሉ። እነዚህ የእንስራን ዘዴ ነው የሚጠቀሙት፤ ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በደረቅ አገር መስኮት ተከፍቶ ጥቂት ያግዛሉ። አየሩ እርጥበት በበዛበትና በተዘጋ ክፍል ግን ቤቱን እንፋሎት ያደርጉታል። በዋጋቸው መርከስ የተታለለ ሰው የሚገዛው ቬንትሌተር ነው ቢባል ይቀላል።

እውነተኛው ኤሲም ባለ አንድ ቱቦና ባለ ሁለት ቱቦ አለው። ባለ አንዱ የክፍሉን አየር ወስዶ፣ ሙቀቱን አሸክሞ በመስኮት ያስወጣዋል። የወጣው አየር ደግሞ መተካት አለበት፤ ስለዚህ በበር ሥር፣ በመስኮት ስንጥቅ፣ በኮሪደር በኩል የውጭው ትኩስ አየር ይሳባል። ማሽኑ ራሱ ያቀዘቀዘውን እየጣለ ሙቅ አየር ይጋብዛል ማለት ነው። ባለ ሁለቱ በአንዱ ቱቦ የውጭ አየር ያስገባል፣ ሙቀቱን ያንኑ አየር አሸክሞ በሌላው ይመልሰዋል፤ የክፍሉ አየር እምብዛም አይነካም። ዋጋው ከፍ ቢልም ለኃይለኛ ሙቀት የሚመረጠው እሱ ነው። መስኮቱ የሚመችና አከራዩ የሚፈቅድ ከሆነ ግን መስኮት ላይ የሚቀመጠው ኤሲ ከሁለቱም ይበልጣል፤ ትኩሱ ወገኑ ከመጀመሪያውም ውጭ ነው።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥርም ብዙ ሰው ያሳስታል። አቅሙ የሚለካው በቢቲዩ ነው። በትልቁ የሚጻፈው የድሮው መለኪያ ነው፤ ከሱ አጠገብ ወይም በታች፣ ብዙ ጊዜ ኤስኤሲሲ ከሚል ምልክት ጋር፣ አነስ ያለ ሌላ ቁጥር ይገኛል። ይህኛው በቱቦው በኩል የሚባክነውንና ከውጭ የሚሳበውን ሙቀት ቀንሶ ያሰላል፤ የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር በ2016 ያወጣው አለካክ ነው። ትልቁ 14,000 ሲል ትንሹ 10,000 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። የሚታመነው ትንሹ ነው። ኢነርጂ ስታር በተባለው የአሜሪካ መንግሥት የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም መመሪያ መሠረት ከ14 እስከ 23 ካሬ ሜትር ለሚሆን ክፍል 6,000 ቢቲዩ ይበቃል። ክፍሉ ወጥ ቤት ከሆነ 4,000 ይጨመራል። ከሁለት ሰው በላይ ለሚቀመጥበት ክፍል ደግሞ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው 600። ቡና ተፈልቶ ስድስት ሰው ሳሎን ሲሰበሰብ ሰው ብቻ 2,400 ቢቲዩ ጨመረ ማለት ነው፤ የጀበናው ምድጃ ሳይቆጠር።

ከሰሉም መነሳት አለበት። ለኤሲ ሲባል በርና መስኮት በተዘጋበት ቤት ከሰል ማቀጣጠል፣ ለቡናም ይሁን ለዕጣን፣ ለሞት የሚዳርግ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም። በዚህ ላይ መደራደር የለም።

የእንጀራው ምጣድ ሌላ ጣጣ አለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ1,000 ዋት በላይ ይስባል፤ መካከለኛ ተንቀሳቃሽ ኤሲም እንዲሁ። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ከተሰኩ ብሬከሩ ሊወርድ ይችላል። በቀጭን ማከፋፈያ ከተሰኩ ደግሞ ሽቦው ይግልና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ኤሲ ግድግዳ ላይ ባለው ሶኬት ብቻ ነው የሚሰካው። ምጣዱ ሌሊት ወይም ማለዳ ቢጣድ ለመስመሩም ለክፍሉም ይበጃል፤ ቀኑን ሙሉ ኤሲው የምጣድ ሙቀት ሲያወጣ አይውልም።

ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፤ በጎበጠና በተጠማዘዘ ቁጥር ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይመልሳል። ራሱ ቱቦው ስለሚሞቅ ሙቀት በሚከላከል ልባስ መጠቅለሉ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። መስኮቱ ላይ የሚገጠመው ሳንቃ ዳር ዳሩ በስፖንጅ ወይም በፕላስተር ይደፈን። መጋረጃው ፀሐይ ሳትገባ ማለዳ ይዘጋ። ማጣሪያው በየሁለት ሳምንቱ ይታጠብ፤ አቧራ የጠገበ ማጣሪያ አየር አያሳልፍም። ኤሲው ክፍሉ ከጋለ በኋላ ሳይሆን ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት ይከፈት፤ ግድግዳና ፍራሽ የጠጡትን ሙቀት ማስወጣት ሰዓታት ይፈጃል።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ክፍል ይመረጥ። ተንቀሳቃሽ ኤሲ ሦስት ክፍል ያለውን ቤት በሙሉ አያቀዘቅዝም፤ ማንም ሻጭ ቢምል። አንዱን መኝታ ቤት በሩን ዘግቶ ማቀዝቀዝ ግን ይችላል፤ ቤተሰቡ ፍራሽ አንጥፎ በአንድነት ያድርበታል። የመብራት ወጪውም በዚሁ ልክ ይያዛል። 1,200 ዋት የሚስብ ማሽን ያለማቋረጥ ስምንት ሰዓት ቢሠራ 9.6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በየወሩ ደረሰኝ ላይ ባለው ዋጋ ማባዛት ነው።

በዚህች አንዲት ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ቦታ ሊያገኙ የሚገባቸው እናትና አባት ናቸው። ከአገር ቤት መጥተው ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ብዙ አረጋውያን ቀኑን ቤት ይውላሉ። ለልጃቸው ወጪ አዝነው ኤሲውን ያጠፉታል። ነፋስም ይፈራሉ፤ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ሲከፈት «ብርድ ይመታኛል» ብሎ ማዘጋት የኖረ ልማድ ነው። ፍርሃታቸውን ከመንቀፍ ይልቅ የማሽኑን አፍ ከሰውነታቸው አዙሮ ወደ ላይ ማድረግ፣ ልኩንም 25 ወይም 26 ሴልሺየስ ላይ መተው ይሻላል። ቬንትሌተር ብቻውን አይበቃቸውም። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት እንደሚያስጠነቅቁት የክፍሉ ሙቀት 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ካለፈ ነፋሱ ራሱ ትኩስ ስለሚሆን የሰውነትን ሙቀት ከመቀነስ ይልቅ ሊጨምር ይችላል።

አሜሪካ ገዝቶ ለድሬዳዋ ወይም ለጋምቤላ ዘመድ መላክ ለሚያስብም አንድ ነገር አለ። የአሜሪካው ማሽን የሚሠራው በ120 ቮልት ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ነው። እንዲሁ ቢሰካ ይቃጠላል። ለዚያ የሚሆነው እዚያው አገር የሚሸጠው ነው።

ሲያትልና ፖርትላንድ ያሉ አንባቢዎች ሰኔ ከመግባቱ በፊት ቱቦውን ገጥመው፣ ማጣሪያውን አጥበው፣ ማሽኑን አንድ ቀን ይሞክሩት። ከላይ ወይም ከታች ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ ወይም አባባ ካሉም የመስኮታቸው ሁኔታ ዛሬ ይታይላቸው። ሙቀቱ በመጣ ዕለት ደግሞ በራቸው ይንኳኳ፤ «ደህና ነኝ» ቢሉም እንኳ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ይጠሩ።