ያውቁ ኖሯል? እንደ ንብ «እምምም» ሲሉ…

በሕንድ ዮጋ «ብራማሪ» የሚባለው የአተነፋፈስ ስልት ቀላል ነው፤ አፍን ገጥሞ በአፍንጫ አየር መሳብ፣ ሲያስወጡ እንደ ንብ «እምምም» ማለት። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት፣ እንዲህ ሲደረግ ከአፍንጫ የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ድምፅ አልባ ከሆነው አተነፋፈስ በ15 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ምክንያቱ ንዝረቱ በአፍንጫና በሳይነስ (በፊት አጥንት ውስጥ ባሉት የአየር ክፍተቶች) መካከል ያለውን የአየር ልውውጥ ማፍጠኑ ነው። (የሳይነስ ሕመምን ይፈውሳል ማለት ግን አይደለም!)

ፈጣኑ የዮጋ አተነፋፈስ «ካፓላባቲ» ግን ጥንቃቄ ይሻል። በኃይል ቶሎ ቶሎ ሲተነፍሱ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊቀንስና ራስ ሊያዞር ይችላል። ነፍሰ ጡሮች፣ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሚጥል ሕመም ያለባቸው ይተዉት። ዋና ላይ ሆነው ወይም መኪና እየነዱ ደግሞ ፈጽሞ አይሞክሩት።