በረሃው ባዶ አይደለም
ከአቡ ዳቢ እስከ አል ዐይን ለፎቶ የሚወጣ ሰው የሚያምናቸው ተረቶችና እውነታዎቻቸው

አቡ ዳቢ ያሉ የአገሬ ልጆች ኦፍ (የዕረፍት ቀን) ሲደርስ «በረሃ ወጥተን ፎቶ እንነሳ» ይባባላሉ። መኪና ያለው ወንድም ይለመናል፣ ስንቅ ይቋጠራል፣ ቡናው በፔርሙስ ይያዛል። ሲነሱ ረፍዶ፣ ሲደርሱ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። ማታ ስልካቸውን ሲከፍቱ የሚያገኙት የነጣ ሰማይ፣ የደበዘዘ አሸዋና ዓይኑን የጨፈነ ሰው ነው። ብዙዎች በስልኩ ያሳብባሉ፤ ካሜራ የገዙትም በካሜራው። እኔ ግን ጥፋቱ ከቤት ሳይወጡ የሚሠራ ይመስለኛል። «በረሃ ያው በረሃ ነው፤ ባዶ ቦታ ምን ዝግጅት ይፈልጋል?» ከሚለው እምነት ሌሎች ብዙ እምነቶች ይወለዳሉ። አንዳንዶቹ የሚያበላሹት ፎቶ ብቻ ነው። አንዳንዶቹ ግን ሰው ይገድላሉ።

«እዚህ አገር ያለው አሸዋ ብቻ ነው»

ከአቡ ዳቢ ወደ ምሥራቅ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ተነድቶ አል ዐይን ይደረሳል። ከከተማዋ በስተደቡብ ሜዳውን ሰንጥቆ ጀበል ሐፊት ይነሳል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር ያልፋል። ለኢትዮጵያዊ ይህ ቁጥር ተራራ አይመስልም፤ ድሬዳዋ ከተማም ከዚህ ብዙ አትርቅም። ነገር ግን አል ዐይን ራሷ 300 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች፣ ሐፊት ብቻውን እንደ ግንብ ቆሞ ይታያል። የአቡ ዳቢ ኤሚሬት ከፍተኛው ቦታም እሱ ነው።

ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ነው። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የባሕር ወለል ነበር፤ በውስጡ የባሕር እንስሳት ቅሪተ አካል ይገኛል። የመሬት ግፊት ንጣፉን እንደ ጨርቅ አጥፎ ወደ ላይ አነሳው፤ በምሥራቅ በኩል ያለው ጎን ከምዕራቡ ይልቅ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከዚያ የዝናብ ውሃ ጎኑን እየሰነጠቀ ጠባብ ሸለቆዎች ቆረጠበት። ሸለቆና ገደል ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው የሚፈልገው ይኸው የተደራረበ ንጣፍ ነው፤ የሚታየው ግን ብርሃን ከጎን ሲመጣ ብቻ ነው። ቀትር ላይ ንጣፎቹ ተድበልብለው አንድ ቡናማ ግድግዳ ይሆናሉ።

አብዛኛው ሰው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን፣ 60 ያህል መታጠፊያ ያለውን አስፋልት ወጥቶ ከላይኛው መኪና ማቆሚያ ወደ ታች ያነሳል። አመሻሹ ላይ ፀሐይ በምዕራብ ሜዳ ስትጠልቅ ቦታው መልካም ነው። እኔ ግን የምመክረው የተራራውን እግር ነው። በሐፊት ምሥራቃዊ ግርጌ፣ በሐፊት የበረሃ ፓርክ ውስጥ፣ የንብ ቀፎ ቅርጽ ያላቸው የድንጋይ መቃብሮች አሉ። ዕድሜያቸው 5,000 ዓመት ገደማ ነው። የዴንማርክ አርኪዮሎጂስቶች መቆፈር የጀመሩት በ1959 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። በ2011 ከሂሊ፣ ከቢዳ ቢንት ሱዑድና ከአል ዐይን የተምር ደኖች ጋር የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነዋል፤ ለአገሪቱ፣ ለተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች፣ የመጀመሪያው ነበር። ታዲያ እዚህ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ሰው ያዝናል። ተራራው በስተምዕራብ ስለቆመ ፀሐይዋን ቀድሞ ይጋርዳታል፤ መቃብሮቹ ገና ሳይመሽ ጥላ ውስጥ ይገባሉ። ጠዋት ግን ብርሃኑ ከኦማን ሜዳ ተነስቶ ፊት ለፊት ይመታቸዋል፣ ከኋላቸው ያለው ገደልም ይቀላል። ይህን አውቆ ለመሄድ ካርታ ላይ ምሥራቁን ከምዕራቡ መለየት ብቻ ይበቃል።

ወደ አል ዐይን መሄድ ላልቻለ፣ ከአቡ ዳቢ ከአንድ ሰዓት በታች የሚደረስበት አል ወትባ አለ። እዚያ ያለው ወደ ድንጋይነት የተለወጠ አሸዋ ነው። ባሕሩ ዝቅ ባለበት ጥንታዊ ዘመን ንፋስ ከባሕሩ ወለል ያነሳው፣ የዛጎል ፍርፋሪ የበዛበት አሸዋ ተከመረ። የከርሰ ምድር እርጥበት በካልሲየም ካርቦኔት አጣበቀው፤ ከዚያ ንፋስ ራሱ መልሶ እየፋቀ እንደ ማዕበል ቀረጸው። በ7 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ ተዘርግቷል፣ መግቢያው ነጻ ነው።

ስለ ቀለምም አንድ ነገር ልጨምር። በባሕሩ ዳርቻ ያለው አሸዋ ዛጎል ስለበዛበት የነጣ ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ የብረት ዝገት ቅንጣቶቹን እየለበሰ ይቀላል። ቀዩን የአሸዋ ተራራ የሚመኝ ሰው ከከተማ ወጣ እንዳለ መኪና ማቆም የለበትም፤ ወደ አል ዐይን ዙሪያ ወይም በደቡብ ወደ ሊዋ መዝለቅ አለበት።

«በክረምት ሂዱ ይባላል»

ምክሩ ትክክል ነው፤ ቃሉ ግን እኛን ያሳስታል። እዚያ ያሉ ሰዎች የሚሉት ክረምት ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ቀዝቃዛ ወቅት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በጋ። ከአዲስ አበባ ወንድሟን ልትጠይቅ የምትመጣ እህት ግን «ክረምት» ሲሏት ሐምሌና ነሐሴን ታስባለች፤ የትምህርት ቤት ዕረፍቱም ያኔ ነው። ያ ወቅት በዚያ አገር የእሳት ወቅት ነው። በአቡ ዳቢና በአል ዐይን መካከል ያለችው ስዊሃን በሜይ 2025፣ ገና ሐምሌ ሳይደርስ፣ 51.6 ዲግሪ ሴልሺየስ አስመዝግባለች። መንግሥትም ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት ከቤት ውጭ ፀሐይ ላይ ማሠራትን ይከለክላል። ለደመወዝ የተከለከለውን ለፎቶ ብሎ ማድረግ አይገባም።

ሙቀቱ ብቻም አይደለም። በሰኔ ቀትር ላይ ፀሐይ አቡ ዳቢ ላይ 89 ዲግሪ፣ ማለትም ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች፤ ጥላ ከእግር ሥር ይገባል። በታኅሣሥ ቀትር ግን 42 ዲግሪ ላይ ብቻ ናት። በዚያው ወር አዲስ አበባ ላይ 57 ዲግሪ ያህል ትወጣለች። ስለዚህ «ከረፋዱ ሦስት ሰዓት በኋላ ካሜራ ይታጠፍ» የሚለው ከአገር ቤት የመጣ ልማድ፣ በታኅሣሥ አል ዐይን ላይ አይሠራም። ቀኑን ሙሉ ረጅም ጥላ አለ። ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ስለሆነም በእኩለ ሌሊት መነሳት አያስፈልግም።

«ሰማዩ ሁልጊዜ ጥርት ያለ ነው» የሚሉም አሉ። በቀዝቃዛው ወቅት ማለዳ ጭጋግ ሜዳውን ያለብሳል፤ መንገድ ላይ አደገኛ ነው፣ ከፍ ካለ ቦታ ለሚያነሳ ግን በረከት ነው። በሙቀቱ ወራት ደግሞ አቧራ አድማሱን ይበላዋል። ከሁሉም ይልቅ አየሩ የሚጠራው ዝናብ ከዘነበ በኋላ ባለው ጠዋት ነው፤ ዝናብ ግን ሌላ ጉዳይ ይዞ ይመጣል።

«ሰማዩ ካልጠቆረ ሸለቆው ደህና ነው»

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ዋዲ የሚሉት ደረቅ ወንዝ ነው፤ አሸዋው ለስላሳ፣ ግድግዳው ውብ፣ ጥላ ያለው። ድንኳን ለመትከልና መኪና ለማቆም የሚጋብዝ ቦታ ነው። በኦገስት 2006 በድሬዳዋ የሆነውን የሚያስታውስ ሰው ግን እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አያድርም። ዝናቡ የዘነበው ደጋው ላይ ነበር። ደረቁ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ መጣና ከ250 በላይ ሰዎችን ወሰደ። ከተማው ውስጥ ተኝተው የነበሩ ሰዎች ሰማያቸውን አይተው ሊያውቁ የሚችሉት ነገር አልነበረም።

የሐፊትም ሆነ በኦማን በኩል ያሉት የሐጀር ተራሮች ሸለቆዎች የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው፤ እንዲያውም ባዶ ድንጋይ ውሃ ስለማይመጥጥ የወረደው ሁሉ ወዲያው ይሮጣል። ዝናብ አይዘንብም የሚለውም እምነት ፈርሷል። ኤፕሪል 16 ቀን 2024 በአል ዐይን አካባቢ ባለችው ኸትም አል ሸክላ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 254.8 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወርዷል፤ በ1949 መመዝገብ ከጀመረ ወዲህ በአገሪቱ ትልቁ ነው።

የመንግሥት ቅጣትም የዋዛ አይደለም። ጎርፍ ወደሚወርድበት ሸለቆ በመኪና የገባ ሰው 2,000 ድርሃም ይከፍላል፣ 23 የቅጣት ነጥብ ይያዝበታል፣ መኪናው ለ60 ቀን ይታሰራል። በዝናብ ጊዜ ሸለቆና ጎርፍ ለማየት አጠገቡ መሰብሰብ ብቻውን 1,000 ድርሃምና 6 ነጥብ ያስቀጣል። እኔ ቅጣቱን የምጠቅሰው ለማስፈራራት አይደለም። ደራሽ ጎርፍን በቪዲዮ ለመቅረጽ ጠርዝ ላይ የሚቆም ሰው ስላለ፣ ጠርዙም አፈር ስለሆነ ነው። የትንበያ ማስታወቂያው ለአል ዐይንና ለኦማን ተራሮች ዝናብ ካለ፣ ቀኑን ወደ ተምር ደኑ ይለውጡት።

«ፎር ዊል ካለ የትም ይደረሳል»

አይደረስም። ለአስፋልት 35 ፒ ኤስ አይ ገደማ የተነፋ ጎማ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፤ ልምድ ያላቸው ነጂዎች በ15 እና በ18 መካከል ወዳለ ግፊት ያወርዱታል፣ ሲመለሱ የሚሞሉበትን መንፊያም ይይዛሉ። አካፋ፣ የመጎተቻ ገመድና በቂ ውሃ ይጨመር። ብቻውን የወጣ መኪና ከአሸዋው የሚያወጣው የለም፤ ሁለተኛ መኪና ግድ ነው። በኪራይ የተያዘ መኪና ከሆነ ደግሞ ውሉ ብዙውን ጊዜ ከአስፋልት መውጣትን ይከለክላል፣ ኢንሹራንሱም አይሸፍንም። ደስ የሚለው ነገር፣ ከላይ የዘረዘርኳቸው ሐፊትም፣ አል ወትባም፣ የአል ዐይን ተምር ደንም በተራ መኪና የሚደረስባቸው ናቸው። ከአቡ ዳቢ አል ዐይን አውቶቡስም አለ።

«ማንም የሌለበት ቦታ ላይ ማን ይከለክላል?»

ባለቤት የሌለው መሬት እዚያ የለም። የጦር ካምፕ፣ የነዳጅ ተቋም፣ የድንበር ጥበቃና ቤተ መንግሥት አይነሱም፤ ወደ ሐፊት ጫፍ በሚወጣው መንገድ አጠገብ ቤተ መንግሥት ስላለ ሌንስን ወዴት እንደሚያዞሩ ልብ ይበሉ። ሰውን ሳያስፈቅዱ ማንሳትና በስልክ ማሰራጨት በ2021 በወጣው የሳይበር ወንጀል አዋጅ ከ6 ወር የማያንስ እስራት፣ ወይም ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም መቀጫ፣ ወይም ሁለቱንም ሊያስከትል ይችላል። በሽርሽር ላይ ያለ ቤተሰብ፣ በተለይ ሴቶች፣ በፎቶው ጥግ ቢገቡ ይሰረዝ። የግመል እረኛ ሲያገኙ ሰላምታ ይቅደም፤ ፈቃዱም ይጠየቅ።

ድሮን የያዘ ሰው የበለጠ ይጠንቀቅ። ለመዝናኛ ድሮን ማብረር በጃንዋሪ 2022 ተከልክሎ ነበር። በኋላ እገዳው በከፊል ሲነሳም ምዝገባና ፈቃድ ተከትሎት መጣ፤ ያልተመዘገበ ድሮን ሻንጣ ውስጥ ይቆይ።

ድንበሩን በተመለከተ አንድ ወዳጃዊ ቃል። አል ዐይንና የኦማኗ ቡረይሚ ጎረቤት ከተሞች ናቸው፤ ጥልቅ ሸለቆዎችና ታዋቂ ገደሎች ደግሞ ከወዲያ ማዶ በዝተዋል። በነጠላ መግቢያ ቪዛ የመጣ ሰው ከወጣ በዚያው ቪዛ አይመለስም። ነዋሪ የሆነውም የኦማን ቪዛና የመኪና ኢንሹራንስ ጣጣ አለበት። ሳያጣሩ ኬላ ላይ መድረስ ቀኑን ሙሉ ያስበላል።

«ኮከብ ለማንሳት ታኅሣሥ ይመረጣል»

ሌሊቱ ረጅምና ቀዝቃዛ ስለሆነ እንዲህ ይታሰባል። ነገር ግን የፍኖተ ሐሊብ ደማቅ እምብርት በታኅሣሥ ከፀሐይ ጋር ስለሚጓዝ ሌሊት አይታይም። ከመጋቢት ጀምሮ ከንጋት በፊት በደቡብ ምሥራቅ ይወጣል፤ ሙቀቱም ገና አልበረታም። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ቆጥሮ፣ ከአል ዐይን በስተደቡብ ወዳለው አል ቁዓ መሄድ ነው፤ ከከተማ መብራት የራቀ ቦታ ነው።

«ትልቅ ካሜራ ከሌለህ አትድከም»

በአል ዐይን መሃል አል ጃሂሊ የሚባል የጭቃ ጡብ ምሽግ አለ፤ የተሠራው በ1890ዎቹ ነው። በውስጡ የዊልፍሬድ ቴሲጀር ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች በቋሚነት ይታያሉ። ይህ እንግሊዛዊ የተወለደው በ1910 አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ አባቱ የብሪታንያ መልዕክተኛ ነበር። አዋሽን ተከትሎ የአፋርን በረሃ ያቋረጠው በ1933 እና በ1934 ሲሆን፣ ሩብ አል ኻሊ የሚባለውን የዓረብ ባሕረ አሸዋ በግመልና በእግር ያቋረጠው ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሩብ አል ኻሊን ሁለቱንም ጊዜ የተሻገረው በቀዝቃዛው ወቅት ነበር። የበረሃው ዘላኖች በደዊኖቹ ሙባረክ ቢን ለንደን ይሉት ነበር። ይዞት የዞረው ትንሽ ላይካ ካሜራ ነበር፤ ከአሸዋ የሚጠብቀውም የፍየል ቆዳ ከረጢት።

እነዚያን ፎቶዎች ቆሞ ያየ ሰው ስልኩን ማማረር ይተዋል። ስልክም ሆነ ካሜራ ከአሸዋ ይጠበቅ፤ ንፋስ ባለበት ሌንስ አይቀየር። ኤር ኮንዲሽን ካለበት መኪና በድንገት ወደ እርጥብ አየር ሲወጣ መስታወቱ ላብ ይይዘዋልና ቦርሳው ሳይከፈት ግማሽ ሰዓት ውጭ ይቆይ።

አንድ ኦፍ ብቻ ላላት እህት ቀኑን እንዲህ አስቤዋለሁ። ንጋት ላይ የሐፊት መቃብሮች፣ ፀሐይ ከፍ ስትል ከ147,000 በላይ ዛፎች ያሉት የአል ዐይን ተምር ደን፤ እዚያ ፈለጅ በሚባሉት የውሃ ቦዮች ላይ ብርሃኑ በቅጠል መሃል እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ቀትር ላይ መግቢያው ነጻ በሆነው በጃሂሊ ወፍራም ግንብ ጥላ ሥር ምሳ፣ ከዚያ የቴሲጀር ፎቶዎች። አሥር ሰዓት ላይ ወደ ሐፊት ጫፍ። ለመመለሻው ሁለት ሰዓት ይቀመጥ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ሰዓትም ጠዋት ሲደረስ ይጠየቅ።