እጅ የሚያንቀጠቅጠው ደዌና በአንጎል ደጅ የቆመው ተቀባይ

በጉልበታቸው ላይ ያረፈ እጃቸው ያለ ፈቃዳቸው ሲንቀጠቀጥ፥ እርምጃቸውም እያጠረ ሲሄድ የሚታዩ አባት ወይም እናት በቤቱ ያለ ሰው «እርጅና ነው» ብሎ ዝም ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን ይህ ሁልጊዜ የእርጅና ሥራ አይደለም። ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የሎንዶን ሐኪም በ1817 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ስለዚሁ ደዌ ጽፎ ስላሳተመ፥ በሽታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚያው አቆጣጠር ናቸው።

የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ልዩ ልዩ ቅመም በመላላክ ነው። ቅመሙ እንደ መልእክተኛ ሲሆን፥ በሕዋሱ ደጅ እንደ አጋፋሪ ቆሞ የሚቀበለውን ሊቃውንት «ተቀባይ» ይሉታል። ዶፓሚን የተባለው መልእክተኛ እንቅስቃሴን ያስተካክላል፤ ግሉታሜት የተባለው ደግሞ ሕዋሳትን ያነሣሣል። በዚህ ደዌ ዶፓሚንን የሚሠሩት ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ፥ በአንዳንድ የአንጎል ክፍል የግሉታሜት ሥራ ልጓሙ እንደ ተበጠሰ ፈረስ ከልክ ያልፋል።

ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት በአንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን ስለሚለወጥ፥ ዛሬም የሕክምናው ዋና ምሰሶ እርሱ ነው። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቹን በሽተኞች ያለ ፈቃዳቸው ያወራጫቸዋል። ለዚህ ችግር የሚረዳው መድኃኒት የተገኘው ግን ሳይታሰብ ነው። በአሜሪካ አገር አንዲት የፓርኪንሰን በሽተኛ ኢንፍሉዌንዛ እንዳይዛት አማንታዲን የተባለውን መድኃኒት ስትወስድ፥ መንቀጥቀጧና የሰውነቷ መገተር ቀለለላት፤ መድኃኒቱን በተወች ጊዜም ተመለሰባት። ይህንንም ለሐኪሟ ነገረችው። ዶክቶር ሮበርት ሽዋብና ባልደረቦቹ ነገሩን ሳይንቁ በ163 በሽተኞች ላይ ፈትነው፥ ከመቶው 66ቱ እንደ ተሻላቸው በ1969 ዓ.ም. አስታወቁ።

አማንታዲን ኤን ኤም ዲ ኤ የተባለውን የግሉታሜት ተቀባይ እንደሚገታ የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ቀስ እያለ የሚሟሟው ዓይነት፥ ሌቮዶፓ ለሚያመጣው መወራጨት በአሜሪካ መንግሥት ተፈቀደ።

ይሁን እንጂ ግሉታሜት ለመማርና ለማስታወስ የሚያስፈልግ ስለ ሆነ፥ ደጁን ሁሉ መዝጋት አይቻልም። ሌላውን የግሉታሜት ተቀባይ የሚዘጋው ፔራምፓኔል በዚህ ደዌ ላይ ተፈትኖ የታሰበውን ጥቅም አላሳየም። አማንታዲንም ቢሆን በተለይ ሽማግሌዎችንና ኩላሊታቸው የደከመውን ሰዎች አሳብ ሊያዛባ፥ የሌለውንም ነገር ሊያሳይ ይችላል። የሕዋሳቱንም ሞት የሚያቆም መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም።

እንግዲህ የቤተ ሰብ ድርሻ ምንድር ነው? መድኃኒቱ የተወሰደበትን ሰዓት፥ ሰውነት የሚገተርበትንና የሚወራጭበትን ጊዜ በወረቀት ጽፎ ለሐኪም ማሳየት ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ከባድ አደጋ ስለሚያመጣ ፈጽሞ አይገባም። ያች ሴት በሰውነቷ ያየችውን ንቃ ዝም ብትል ኖሮ፥ ብዙ ሰዎች የተጠቀሙበት መድኃኒት ምናልባት ሳይታወቅ በቆየ ነበር። ስለዚህ በቤታችን ያሉት አረጋውያን ስለ ሰውነታቸው የሚነግሩንን ቃል በትዕግሥት እንስማ።