የቡችላ እንጨት ማኘክ

የቡችላ እንጨት ማኘክ ማለት ገና በማደግ ላይ ያለ ውሻ የቤት ውስጥ የእንጨት ሥራዎችን በጥርሱ የመቆርጠምና የመላጥ ጠባይ ነው። በብዛት የሚጎዱት የወንበርና የጠረጴዛ እግር፣ የበር መቃን፣ የአልጋ ጠርዝ፣ የቁም ሣጥን ማዕዘንና ከግድግዳ ግርጌ የሚገጠመው ዞኮሎ ናቸው። ጠባዩ በሁሉም የውሻ ዝርያዎች ላይ ይታያል። ትንንሽ ዝርያዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያድጉት ቤት ውስጥ ከሰው ጋር ስለሆነ ጉዳቱ ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። ማኘክ ለቡችላ ተፈጥሯዊ ነው፤ በሽታም ተንኮልም አይደለም። ስለዚህ የሥልጠናው ዓላማ ቡችላው የሚያኝከውን ነገር መለወጥ ነው።

ምክንያቶች

የመጀመሪያው ምክንያት የጥርስ መብቀል ነው። ቡችላ ያለ ጥርስ ይወለዳል። ከ3ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ 28 የወተት ጥርሶች ያበቅላል። ከ3 እስከ 4 ወር ሲሞላው እነዚህ ጥርሶች መርገፍ ይጀምራሉ፤ በ6 ወይም በ7 ወሩ 42 ቋሚ ጥርሶች ይተኳቸዋል። በዚህ ወቅት ድዱ ስለሚያብጥና ስለሚያመው ጠንከር ያለ ነገር መንከስ ያስታግስለታል። እንጨት ደግሞ ጥርስ የሚቀበል፣ በቀላሉ የሚላጥና በየጥጉ የሚገኝ ነገር ነው።

በትንንሽ ዝርያዎች፣ ለምሳሌ በዮርክሻየር ቴሪየር፣ በቺዋዋና በማልቲዝ፣ የወተት ጥርሱ ሳይረግፍ ቋሚው ጥርስ ከጎኑ ሊበቅል ይችላል። ይህ በተለይ በክራንቻዎች ላይ ይታያል። ሁለት ጥርስ በአንድ ቦታ ሲጨናነቅ ምግብ ስለሚይዝና ድድን ስለሚያቆስል በእንስሳት ሐኪም መነቀል ሊያስፈልገው ይችላል።

ሌሎቹ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው፦

- አካባቢን መመርመር፦ ሕፃን ልጅ በእጁ እንደሚዳስስ ሁሉ ቡችላም አዲስ ነገርን የሚያውቀው በአፉ ነው።
- መሰላቸትና የተትረፈረፈ ጉልበት፦ በቂ እንቅስቃሴና ጨዋታ ያላገኘ ቡችላ ለራሱ ሥራ ይፈጥራል።
- የብቸኝነት ጭንቀት፦ ጉዳቱ የሚደርሰው ባለቤቱ ከቤት ሲወጣ ብቻ ከሆነ፣ በተለይም በርና መስኮት አካባቢ ካተኮረ፣ ምክንያቱ ጭንቀት ሊሆን ይችላል።
- ረሃብ ወይም ሕመም፦ እንጨቱን ከማኘክ አልፎ የሚውጥ ቡችላ በሐኪም መታየት አለበት።

የጃክ ራስል ቴሪየር ምሳሌ

ጃክ ራስል ቴሪየር ስያሜውን ያገኘው በእንግሊዝ አገር በዴቨን አካባቢ ይኖር ከነበረው ከቄስ ጆን ራስል (እ.ኤ.አ. 1795–1883) ነው። ዝርያው ቀበሮን እስከ ጉድጓዷ ተከትሎ እንዲያስወጣ የተመረጠ አዳኝ ውሻ ነው። ቁመቱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ቢሆንም ጉልበቱና ጽናቱ ከመጠኑ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ውሻ ቀኑን ሙሉ በትንሽ ክፍል ሲዘጋበት መቆፈርና መቆርጠም የሚወደውን ጠባዩን በበሩ መቃን ላይ ይወጣዋል። ስለዚህ ትንሽ ውሻ ሁሉ ትንሽ እንቅስቃሴ ይበቃዋል ማለት አይቻልም።

አደጋዎቹ

ከንብረት ጉዳት ይልቅ የሚያሳስበው የቡችላው ጤና ነው። የእንጨት ስንጥር ድድ፣ ላንቃና ጉሮሮ ሊወጋ ይችላል። የተዋጠ ቁራጭ አንጀት ሊዘጋ ይችላል፤ በትንሽ ውሻ ጠባብ አንጀት ውስጥ ደግሞ ትንሽ ቁራጭም ይበቃል። ተደጋጋሚ ትውከት፣ ምግብ መተው፣ የሆድ መነፋትና መድከም የመዘጋት ምልክቶች ስለሆኑ በአስቸኳይ ሐኪም ያስፈልጋል። በአሮጌ ቤቶች የበርና የመስኮት ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፤ ለምሳሌ በአሜሪካ እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዞኮሎ አጠገብ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ገመድም ሌላው አደጋ ነው።

የሥልጠና ዘዴ

1. ማገድ። ቡችላው ክትትል በማይደረግበት ሰዓት ሊያኝክ ከሚችለው እንጨት መራቅ አለበት። የበር ማገጃ ማድረግ፣ ወይም አደጋ የሌለበት አንድ ጥግ አጥሮ መኝታውን፣ ውኃውንና መጫወቻውን እዚያ ማስቀመጥ ይቻላል። እንጨት ባኘከ ቁጥር ደስታ ስለሚያገኝ እያንዳንዱ ያልታየ ማኘክ ልማዱን ያጠነክረዋል።

2. ምትክ መስጠት። ለመጠኑ የሚሆንና የማይዋጥ የጎማ መጫወቻ ይሰጠዋል። ውስጡ ክፍት የሆነው ኮንግ የተባለው መጫወቻ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ነው። ጆ ማርካም የተባለ ሰው ድንጋይ ማኘክ አላቆም ያለው ውሻው ከመኪና የወለቀ የጎማ ዕቃ ሲመርጥ አይቶ ሐሳቡን አገኘ። መጫወቻ ከሌለ ንጹሕ ጨርቅ በውኃ አርሶ፣ ጠምዝዞና በማቀዝቀዣ አቀዝቅዞ መስጠት የታመመ ድድን ያስታግሳል፤ ጨርቁን መቅደድ ከጀመረ ግን ይወሰድበታል። አንድ መጫወቻ በአውራ ጣት ጥፍር ሲጫኑት ምንም ካልሰረጎደ ለጥርሱ በጣም ጠንካራ ነው ማለት ነው።

3. መለወጥና ማመስገን። እንጨት ሲያኝክ ከተገኘ በረጋ ድምፅ «ተው» ይባላል፤ ወዲያው መጫወቻው ይቀርብለታል። መጫወቻውን ሲይዝ «ጎሽ» ተብሎ ይመሰገናል ወይም ትንሽ ምግብ ይሰጠዋል። ምስጋናው ከድርጊቱ በኋላ በሰከንዶች ውስጥ ካልመጣ ቡችላው ሁለቱን አያገናኛቸውም።

4. ማድከም። በየቀኑ አጫጭር የእግር ጉዞዎች፣ ጨዋታና ምግብን ደብቆ በሽታ እንዲፈልግ ማድረግ ጉልበቱን ያወጣሉ።

5. መራራ ቅብ። ለዚህ ተብለው የሚሸጡ መራራ ፈሳሾች በእንጨቱ ላይ ይቀባሉ። በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ዴናቶኒየም የተባለው እጅግ መራራ ውሁድ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1958 በስኮትላንድ ነው። ቅቡ ስለሚደርቅ በየጊዜው መደገም አለበት፤ ግድ የማይሰጣቸው ውሾችም ስላሉ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

በቤት ውስጥ ያሉ ሁሉ አንድ ደንብ መከተል አለባቸው። የማገዶ ፍልጥ እንዲያኝክ የተፈቀደለት ቡችላ ፍልጡን ከወንበር እግር ለይቶ አያውቅም።

የማይመከሩ ነገሮች

መምታት ወይም ዘግይቶ መቆጣት አይጠቅምም። ቡችላው ቁጣውን የሚያያይዘው ከሰዓት በፊት ካደረገው ነገር ጋር ሳይሆን ከባለቤቱ መምጣት ጋር ነው። የውሻ ጠባይ ተመራማሪዋ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰዎች «ጥፋተኛ» የሚሉት የውሻ አስተያየት ይበልጥ የሚታየው ውሻው ሲያጠፋ ሳይሆን ባለቤቱ ሲቆጣው መሆኑን አሳይታለች። በጥፋቱም ሆነ ያለ ጥፋቱ የተቆጡት ውሻ ይሽቆጠቆጣል። ከዚህም በላይ የፈራ ቡችላ በድብቅ ማኘክን ይለምዳል።

ሚጥሚጣ ወይም በርበሬ በእንጨት ላይ መቀባት ዓይንና አፍን ስለሚያቃጥል አይደረግም። የተቀቀለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ ሲሰበር ስለሚሾል በምትክነት አይሰጥም። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ስለሚያጠፋ ሽንኩርት የበዛበት የወጥ ትርፍራፊና በወጥ የተለወሰ አጥንትም አደገኛ ናቸው።

ከእብድ ውሻ በሽታ መለየት

ኢትዮጵያን ጨምሮ የእብድ ውሻ በሽታ ባለባቸው አገሮች አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በበሽታው የተያዘ ውሻ እንጨት፣ ድንጋይና አፈር ሊነክስና ሊውጥ ይችላል። ጤነኛ ቡችላ እያኘከ ይጫወታል፣ ይበላል፣ ሲጠሩት ይመጣል። በበሽታው የተያዘው ግን ጠባዩ በድንገት ይለወጣል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ድምፁ ይቀየራል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ያለ ምክንያት ይናከሳል። እንዲህ ያለ ውሻ አፍ ውስጥ «ስንጥር ይኖራል» ብሎ እጅ ማስገባት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ቡችላ ከ3 ወሩ ጀምሮ መከተብ ይችላል።

የሚያበቃበት ጊዜ

በጥርስ መብቀል የሚመጣው ማኘክ ቋሚ ጥርሶች ተሟልተው ሲወጡ፣ ማለትም ከ7 ወር ገደማ በኋላ፣ ይቀንሳል። በመሰላቸት ወይም በጭንቀት የሚመጣው ግን ምክንያቱ እስካልተወገደ ድረስ በዕድሜ ብቻ አይጠፋም። አዋቂ ውሻም ቢሆን የማኘክ ፍላጎት ስላለው መጫወቻው ዕድሜውን ሙሉ ያስፈልገዋል።