የእንግሊዝኛን ሰዋስው በጨዋታ መማር

የዛሬው ንግግራችን የአማርኛ ፊደል ለይታችሁ፣ አሁን ደግሞ እንግሊዝኛ ለጀመራችሁ ጎልማሶች ነው። አንድ ጨዋታ እናሳያችኋለን። ጨዋታ የልጆች ነው እንዳትሉ! ገበጣ የሚጫወተው፣ በእንቆቅልሽ የሚፎካከረው ትልቅ ሰውም አይደለም እንዴ?

ነገሩ እንዲህ ነው። «ውሻው ካሣን ነከሰው» እንላለን። «ካሣን ውሻው ነከሰው» ብንልም የተነከሰው ያው ካሣ ነው። ለምን? በስሙ መጨረሻ ያለችው «ን» ተነካሹን ትጠቁመናለች። እንግሊዝኛ ግን በስም ላይ እንዲህ ያለች ምልክት አይጨምርም። ነካሹንና ተነካሹን የምንለየው በቃላቱ ተራ ነው። አድራጊው ይቀድማል፤ ድርጊቱ መካከል ይገባል፤ የተደረገበት ይከተላል። «ዘ ዶግ ቢት ካሣ» ይባላል።

አሁን ወደ ጨዋታው እንግባ። ሦስት ወረቀት ቁረጡ። በአንዱ «ዘ ዶግ»፣ በአንዱ «ካሣ»፣ በአንዱ «ቢት» ብላችሁ ጻፉ። ሦስት ሰዎች ወረቀቶቹን ይዘው ከሰሌዳው ፊት ይቁሙ። መጀመሪያ በአማርኛ ተራ ይሰለፉ፤ «ቢት» መጨረሻ ይሆናል። ቀጥሎ «ቢት»ን የያዘው ሰው ከዳር ተነሥቶ መሀል ይግባ። ይኸው፣ እንግሊዝኛ ሆነ!

አሁን የዳርና የዳሩ ሰዎች ቦታ ይለዋወጡ። አንብቡት። «ካሣ ቢት ዘ ዶግ»። ካሣ ውሻውን ነከሰው ማለት ነው! ክፍሉ በሣቅ ይሞላል። የሣቀ ሰው ሕጉ ገብቶታል።

ከዚያ በኋላ በሁለት ቡድን ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ሌሎች ቃላት ይስጥ፤ ሌላው በተራ ያሰልፍ። ያልቻለው ቡድን እንደ እንቆቅልሹ «አገር ስጡን» ይባል።

ትልቅ ሰው በልጆቹና በጎረቤቶቹ ፊት መሳሳት ያፍራል። አፍሮ ዝም ይላል፤ ቆይቶም ከትምህርቱ ይቀራል። በጨዋታው ግን ቦታውን የሳተው ወረቀቱ ነው። ወረቀት ደግሞ አያፍርም።

ከሣቁ በኋላ ቁም ነገሩን አትርሱ። «አልማዝ ፔይድ ጫልቱ» ማለት አልማዝ ለጫልቱ ከፈለች ማለት ነው። ስሞቹ ቢለዋወጡ ከፋይዋ ተቀባይ ትሆናለች። በደረሰኝ ላይ እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ፣ ዕዳዋን የከፈለችው አልማዝ ባለዕዳ መስላ ትታያለች።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሦስት ወረቀት ቁረጡ። የቤታችሁን ሰዎች ስም ጻፉ፤ እያለዋወጣችሁ አንብቡ። በሚቀጥለው ንግግራችን እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።