ትልቅ ሞተር በትንሽ ፍሬን

የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ጋሪን ነው። ዛሬ እስቲ የአሜሪካውን ፖንቲያክ እንውሰድ። እናት ኩባንያው ጄኔራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪናዎቹ ላይ ከ5.4 ሊትር የበለጠ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። ጆን ዴሎሪያን የሚመራቸው የፖንቲያክ መሐንዲሶች ግን እ.ኤ.አ. ለ1964 ሞዴል፣ በቴምፔስት መኪና ላይ የ6.4 ሊትር ሞተር ገጥመው «ጂቲኦ» አሉት። ገዢው ጨምሮ የሚመርጠው ዕቃ ነው ስለተባለ ክልከላው አልደረሰበትም። ብልጠት ነው! 5,000 ያህል ይሸጣል ሲባል 32,450 ተሸጠ፤ «ጡንቸኛ» የሚባሉት መኪናዎች ዘመንም ደመቀ።

ኃይሉ ከክብደቱ ይልቅ ስላደገ ፍጥነቱ ቶሎ ይጨምራል። ፍሬኑ ግን ያው የቴምፔስት ከበሮ ፍሬን ነበር። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ኢነርጂ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ከበሮው ሲግል ደግሞ መያዙ ይደክማል። የፊት ዲስክ ፍሬን የመጣው ለ1967 ሞዴል ነው፤ ያውም ተጨማሪ ለከፈለ።